አንዲ ያን ሁሉ ስታደርግ ቤን ለምን አልሸሸም?

ጥያቄ፦ «የኮሙኒኬሽን ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አንድ የፍቅር ኮሜዲ መርጠን የኮሙኒኬሽን ተመራማሪዋን የጁዲ በርጉንን ‹የተጠበቀውን የመጣስ ንድፈ ሐሳብ› እንድንፈትሽበት አሳይመንት ተሰጠን። እኔ ‹ሃው ቱ ሉዝ ኤ ጋይ ኢን ቴን ደይስ›ን መረጥኩ፣ ቀላል መስሎኝ። ሴትየዋ፣ አንዲ፣ ሆን ብላ የሚያናድድ ነገር ሁሉ ታደርጋለች፤ በንድፈ ሐሳቡ መሠረት ሰውየው፣ ቤን፣ መሸሽ ነበረበት። ግን አይሸሽም። ጭራሽ ይወዳታል። ታዲያ ‹ንድፈ ሐሳቡ እዚህ ፊልም ላይ አይሠራም› ብዬ ልደምድም? ወይስ ያመለጠኝ ነገር አለ? እህታችሁ።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ «አይሠራም» ብለሽ እንዳትጽፊ። ይሠራል፤ ያውም ከብዙ የፍቅር ኮሜዲዎች በተሻለ። ያመለጠሽ ነገር ግን አለ። ጥሰቱን የቆጠርሽው ከአንድ ወገን ብቻ ነው። አንዲ ትጥሳለች፣ ቤን ይቀበላል ብለሽ ተነሳሽ። ፊልሙ ላይ ግን ሁለቱም እየጣሱ ሁለቱም ይጣስባቸዋል። ከዚያ በላይ ደግሞ እያንዳንዳቸው ከሌላው የሚጠብቁት ነገር በየትዕይንቱ ይለዋወጣል። የአሳይመንትሽ ሥጋ ያለው እዚህ ጋ ነው።

መጀመሪያ ንድፈ ሐሳቡን በአጭሩ እናስተካክል፤ ብዙ ተማሪ «ያልተጠበቀ ነገር አደረገ፣ ስለዚህ መጥፎ ሆነ» ብሎ ነው የሚሄደው። እንደዚያ አይደለም። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የጀመረው ከርቀት ጥናት ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ኤድዋርድ ሆል በ1966 ባወጣው «ዘ ሂድን ዳይሜንሽን» በሚለው መጽሐፉ ሰዎች ሲነጋገሩ በመካከላቸው የሚተዉትን ቦታ በአራት ከፈለው። እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ድረስ የምንወደው ሰው ክልል ነው። ከዚያ እስከ 1.2 ሜትር የወዳጅና የጓደኛ፣ እስከ 3.6 ሜትር የሥራና የትውውቅ፣ ከዚያ ወዲያ የአደባባይ። ከዚህ የሚወጣው ምክር ቀላል ይመስላል፦ ርቀትህን ጠብቅ። በርጉን ግን በ1970ዎቹ አጋማሽ ላይ አንድ ተንኮለኛ ጥያቄ ይዛ መጣች። አንዳንዴ ርቀቱን መጣስ ከመጠበቅ የበለጠ የሚያዋጣ ቢሆንስ?

የሷ መልስ፣ ጊዜ እየጨመረ ከርቀት አልፎ ዓይንን፣ ድምፅን፣ ንክኪን፣ ንግግርንም እያካተተ የሄደው፣ ይህን ይመስላል። ከሰው የምንጠብቀው ነገር አለን። ይህን የሚወስኑት ቦታውና ሁኔታው፣ በመካከላችን ያለው ግንኙነት፣ እንዲሁም የዚያ ሰው ማንነት ናቸው። ሰውየው ከዚያ ሲወጣ ልባችን ንቅት ይላል። ከሚያወራው ነገር ወጥተን ወደ ራሱ ወደ ሰውየው እንዞራለን። «ምን ማለቱ ነው?» እንላለን። ትርጉሙ ግልጽ ከሆነ እዚያው እንፈርዳለን። ግልጽ ካልሆነ ደግሞ ዞር ብለን አድራጊውን እንመዝናለን፤ ይህ ሰው ለእኔ ምን ይዞ ይመጣል? ምን ይዞብኝስ ይሄዳል? ይህንን «የአድራጊው ዋጋ» እንበለው። ዋጋው ከፍ ያለ ሰው ያለልኩ ቢጠጋን ደስ ይለናል፤ ዝቅ ያለው ያንኑ ቢያደርግ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንላለን።

አንድ ነገር እዚህ ጋ ልጨምር። ሆል ልኬቶቹን የወሰደው በአብዛኛው ከሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ መካከለኛ መደብ ሰዎች ነው፤ ራሱም ለሌላው ዓለም እንዳይጠቀለል አስጠንቅቋል። አዲስ አበባ ላይ ሁለት ወንድ ጓደኛሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢሄዱ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ኒው ዮርክ ላይ ሌላ ነገር ይታሰባል። ስለዚህ ትዕይንቶቹን ስትመዝኚ የራስሽን ሰፈር ሚዛን አውጪና የ2003ቱን ማንሃተን አስገቢ። ለምሳሌ ቤን ከተዋወቁ ገና 10 ቀን ሳይሞላ አንዲን እናቱ ቤት ይወስዳታል። እኛ ጋ ሽማግሌ ሊልክ ነው እንዴ ያሰኛል። እዚያም ፈጣን ነው፤ ግን ያን ያህል አያስደነግጥም።

አሁን ወደ ፊልሙ። ዶናልድ ፔትሪ ያዘጋጀው የ2003 ሥራ ነው፤ ኬት ሃድሰን አንዲ አንደርሰንን፣ ማቲው መኮናሄ ቤን ባሪን ይጫወታሉ። አንዲ ለሴቶች መጽሔት ትጽፋለች። ሚሼል የምትባለው ጓደኛዋ ጥቂት ቀን ያወቀችውን ወንድ ቶሎ ሙጭጭ ብላበት ያባረረች ናት። አንዲ ከዚያ ተነስታ ሴቶች የሚሠሯቸውን ስህተቶች ሁሉ በአንድ ወንድ ላይ ሠርታ፣ በ10 ቀን ውስጥ ጥሏት እንዲሄድ አድርጋ ልትጽፍ ትነሳለች። ቤን ደግሞ የማስታወቂያ ባለሙያ ነው። አንድ ትልቅ የአልማዝ ደንበኛ ለመያዝ ከአለቃው ጋር ይወራረዳል፤ በዚያው 10 ቀን ውስጥ አንዲትን ሴት በፍቅሩ ሊያስይዝ። አንዷ ልታስሸሸው፣ ሌላው ላይሸሽ ተሳስለዋል። አንዳቸውም የሌላውን አያውቁም። እኛ ብቻ እናውቃለን።

አንዲ መጥፎውን ከመጀመሯ በፊት ምን እንደምታደርግ አስተውለሻል? የመጀመሪያዋን ምሽት ፍጹም ሆና ታሳልፋለች። ቀልድ ታውቃለች፣ ትስቃለች፣ አትጣደፍም። ስትለየው ቦርሳዋን እሱ ጋ ትተዋለች፤ ቦርሳው ውስጥ ደግሞ የኒክስ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ትኬት አለ። ለምን? መጀመሪያ ዋጋዋን እየሰቀለች ነዋ! ገና ከጅምሩ የምታናድድ ብትሆን ኖሮ ቤን በማግስቱ ስልክ አያነሳም፤ ጽሑፉም እዚያው ይቀራል። ኋላ የምታደርጋቸው ብዙዎቹ ነገሮች በሁለት መንገድ ሊተረጎሙ የሚችሉ ናቸው፤ እብድ ናት ወይም ደስ የምትል ለየት ያለች ልጅ ናት። ሚዛኑን ወደ ሁለተኛው የሚጥለው ያቺ ምሽት ናት። ይህን አንድ አንቀጽ ብትሰጪው አታጪም።

ከዚያ ስታዲየሙ ይመጣል። ይህን ትዕይንት ደጋግመሽ እዪው። ጨዋታው ሊያልቅ ነው፤ ውጤቱ አንገት ለአንገት፤ ሕዝቡ ቆሟል። አንዲ ጠማኝ ትላለች። ለስላሳ፣ አሁኑኑ። ቤን ሜዳውን ያያል፣ እሷን ያያል። ፊቱ ላይ ሁለት ነገር በአንዴ ታነቢያለሽ፤ አፉ ፈገግ ይላል፣ ዓይኑ ሜዳው ላይ ተሰክቷል። ይሄዳል። ያቺ ወሳኝ ቅጽበትም ታመልጠዋለች።

እንግዲህ ለስላሳ መጠየቅ በራሱ ምን ነውር አለው? ምንም። ከሩብ ሰዓት በፊት ብትጠይቀው በደስታ ያመጣላት ነበር። ጥሰት ያደረገው ሰዓቱ ነው። ብዙ ተማሪ «አንዲ መጥፎ ባህሪ አሳየች» ብሎ ያልፈዋል፤ መምህሩ ደግሞ የሚፈልገው ከሦስቱ የትኛው እንደተጣሰ እንድትለዪ ነው። ስታዲየም ላይ የተጣሰው ሁኔታው ነው።

ቀጥሎ ያሉት ጥሰቶች ደግሞ ሌላ ዓይነት ናቸው። አንዲ ቤቱን በራሷ ዕቃ ትሞላዋለች፤ መታጠቢያ ቤቱ የሴት ዕቃ መደብር ይመስላል። ትንሽ የፈርን ተክል ገዝታ ትሰጠውና ፍቅራችን ይህ ነው፣ ተንከባከበው ትለዋለች። ወደፊት የሚወልዷቸው ልጆች ምን እንደሚመስሉ በፎቶ አቀናብራ አልበም ታዘጋጅለታለች። በጓደኞቹ ፊት ወንድን ልጅ መሬት የሚያስገባ የቁልምጫ ስም ታወጣለታለች።

እነዚህን አንድ በአንድ ብታያቸው የጥላቻ ምልክት አንድም የለባቸውም። ሁሉም የመቅረብ ምልክቶች ናቸው። አምስት ዓመት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት ቤት የጥርስ ብሩሽ፣ ተክል፣ የልጅ ወሬና የቁልምጫ ስም ቢኖር ማን ይገረማል? የተጣሰው የግንኙነቱ ደረጃ ነው። ገና ሳምንት ያልሞላው ነገር ላይ የትዳር ልክ ጭናበታለች። በበርጉን አባባል ስናየው፣ ሰው 45 ሴንቲ ሜትሩን ጥሶ ሲገባ ከሚሆነው ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ የተጣሰው ርቀት በሜትር አለመለካቱ ነው። እኔ ብሆን አሳይመንቱን የምከፍተው በፈርኗ ነው። ከርቀት ጥናት ተነስቶ እስከ ፍቅር ግንኙነት የደረሰውን የንድፈ ሐሳቡን መንገድ አንድ ማሰሮ ተክል ታሳይልሻለች።

የበግ ሥጋው ትዕይንት ላይ ብዙ ጊዜ አታጥፊ። ቤን ደክሞ ያበስልላታል፣ እሷ ሥጋ አልበላም ብላ ታለቅሳለች፤ የአትክልት ምግብ ቤት ይዟት ሲሄድ ደግሞ ወፍራም ናት ብሎ እንደሚያስብ ታስወራበታለች። ያስቃል። ግን ከላይ ካየነው የተለየ ነገር አይነግርሽም።

አሁን ዋናው ጥያቄሽ ጋ ደርሰናል። ታዲያ ቤን ለምን አይሸሽም?

እዚህ ላይ የ1970ዎቹ ንድፈ ሐሳብ ብቻውን አያደርስሽም። በርጉን ራሷም አልቆመችበትም። በ1995 ከሌሳ ስተርንና ከሊሳ ዲልማን ጋር ሆና «የመስተጋብር መላመድ ንድፈ ሐሳብ» የሚባለውን አወጣች። እዚያ ላይ ሰው ወደ ንግግር የሚገባው የሚጠብቀውን ብቻ ይዞ አይደለም። ሦስት ነገር ይዞ ይገባል፦ ግድ የሚለውን ፍላጎት፣ ይሆናል ብሎ የሚጠብቀውን፣ እንዲሆንለት የሚመኘውን። ሦስቱ ተደምረው መነሻ አቋሙን ይሰጣሉ። ከዚያ ሌላው ሰው በተግባር ያደረገው ከዚያ አቋም ጋር ይነጻጸራል። ከጠበቀው ቢብስበትም ምኞቱን የሚያሳካለት ከሆነ ሊታገሠው ይችላል።

ቤንን በዚህ ዓይን እዪው። የሚጠብቀው፦ ጤነኛ ሴት በሳምንቷ እንዲህ አታደርግም። የሚመኘው፦ ውርርዱን መብላት፣ አልማዙን መያዝ። ምኞቱ ከሚጠብቀው በልጦ ይከብዳል። አንዲ በጣሰች ቁጥር ይናደዳል፤ ንዴቱ ግን ዋጋዋን አያወርደውም፣ ምክንያቱም ዋጋዋ የተሰቀለው በባህሪዋ ላይ ብቻ አይደለም፤ በአልማዙም ላይ ነው። እሷ ብትሄድ አልማዙም ይሄዳል። ስለዚህ ጥርሱን ነክሶ ይስቃል። ንድፈ ሐሳቡ አልወደቀም፤ አንቺ የአድራጊውን ዋጋ ስትሠሪ ውርርዱን ሳትደምሪው ቀርተሽ ነው።

አሁን ወንበሩን አዙሪና አንዲ ጋ ተቀመጪ። የሷ የሚጠበቅ፦ ወንድ ልጅ ይህን አይችልም፣ ይሄዳል። ምኞቷም ያው ነው፣ እንዲሄድላት። የሆነው ግን? አልሄደም። በየቀኑ ተመልሶ ይመጣል። ይታገሣል። ተክሉን ይቀበላል። ሌላ ሴት ብትሆን «ምን ዓይነት የታደልኩ ነኝ» የምትልበትን ትዕግሥት አንዲ እንደ መርዶ ነው የምትሰማው። ጥሩ ሥራ መጥፎ ጥሰት ሆነ! ይህ ነው የፊልሙ ቀልድ ሞተር። ሁለቱም ሌላውን በአንዴ ያስደነግጣሉ፤ ሁለቱም ድንጋጤያቸውን መደበቅ አለባቸው።

መደበቅ ካልን፣ አንድ የጎን ነገር። በርጉን ከዴቪድ ቡለር ጋር በ1996 ስለ ማታለል ሌላ ንድፈ ሐሳብ አውጥታለች። ዋናው ነገሩ፣ የሚዋሽ ሰው ቃሉን ሲቆጣጠር ሰውነቱ ሊያመልጠው ይችላል የሚል ነው፤ መንጋጋ ይጨመቃል፣ ፈገግታ ይዘገያል። በተጨማሪም ሰው በቅርብ የሚያውቀውን ሰው እውነት ተናጋሪ ነው ብሎ መነሳት ይቀናዋል። የመኮናሄን ፊት በዚያ ዓይን ብታዪው ተዋናዩ ሥራውን እንዴት እንደሠራ ይገባሻል። አሳይመንትሽ ውስጥ ግን አንድ አረፍተ ነገር ይበቃዋል። ሁለት ንድፈ ሐሳብ ጀምረሽ ሁለቱንም ሳትጨርሺ እንዳትቀሪ።

የፖከሩ ምሽት ከሁሉም የተሻለ መፈተኛሽ ነው። ቤን ከጓደኞቹ ጋር ካርታ ይዟል፤ ሲጋራ፣ ጨዋታ፣ የወንድ ወግ። አንዲ ትገባለች። ሲጋራው ይጥፋ ትላለች፤ በኩከምበር የተሠራ ሳንድዊች ታቀርባለች። ከዚያ ፈርኗን ታያለች። ደርቃለች። ፍቅራችንም እንዲህ ይድረቅ ነው የምትለው ብላ ቤቱን ትቀውጠዋለች። ቤን እዚህ ላይ ይፈነዳል። በቃ ይላታል።

በንድፈ ሐሳቡ የመጀመሪያ ቅጽ ላይ በርጉን የስጋት ደፍ የምትለው ነገር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ምቾት የሚያልቅበት መስመር። ቤን እዚያ ደፍ ላይ ደርሷል። ዋጋዋም፣ አልማዙም ሊይዙት አልቻሉም። ስለዚህ አንቺ «መሸሽ ነበረበት» ያልሽው ነገር በእርግጥ ይሆናል። ለደቂቃዎች ያህል ንድፈ ሐሳቡ እንደተነበየው ይሄዳል። አንዲም ተሳክቶልኛል ብላ በደስታ ትወጣለች።

ማን መለሰው ታዲያ? ጓደኞቹ። ውርርዱን ያስታውሱታል፣ ይገፋፉታል። ተከትሏት ወጥቶ የጥንዶች ምክር አገልግሎት እንሂድ ይላታል። የአንዲን ፊት እዪው። ድሉ በእጇ ገብቶ ሲወጣ። እዚያች ቅጽበት ላይ ቤን ያደረገው በዓለም ሚዛን ትልቅ መልካም ነገር ነው፤ በሷ መነሻ አቋም ላይ ግን ከሁሉም የከፋ ጥሰት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ብትጽፊ፣ ጥሰት ጥሩ ወይም መጥፎ የሚባለው ከተቀባዩ አንጻር መሆኑን ሌላ ማስረጃ ሳትፈልጊ ታሳያለሽ።

ከዚያ ስታተን አይላንድ፣ የቤን ቤተሰብ ቤት። እኔ ፊልሙን ለክፍል ሳሳይ ተማሪዎች እዚህ ጋ ማስታወሻ መጻፍ ያቆማሉ። ጥሰት የለማ! ቤተሰብ ይጫወታል፣ ይበላል፣ ይስቃል። ግን እኔን ብትጠይቂኝ የፊልሙ ትልቁ ጥሰት እዚህ ነው ያለው።

አስቢው። አንድ ነገር ሲደጋገም የሚጠበቅ ይሆናል። ቤን ለቀናት ከአንዲ ጋር ሲቆይ አዲስ ልክ ተበጅቶለታል፦ አንዲ ማለት ጩኸት፣ እንባ፣ ተክልና አልበም ናት። ጠዋት ሲነሳ የሚጠብቀው ያንን ነው። ስታተን አይላንድ ላይ ግን አንዲ ትወናውን ትተዋለች። ከቤተሰቡ ጋር ካርታ ትጫወታለች፤ ጨዋታው ደግሞ ስለ ካርታሽ የምትዋሺበትና ውሸታሙን የምታጋልጪበት ነው። ትስቃለች። እናቱ ሲያቅፏት ትደነግጣለች፣ ልቧም ይነካል። ይህ ለማንኛውም ሰው ተራ ነገር ነው። ለቤን ግን ከጠበቀው ሁሉ የወጣ ነው። ከቀናት እብደት በኋላ ተራ ደግነት መልካም ጥሰት ሆኖ ይመጣል፤ ዋጋዋም ይሰቀላል፣ በዚህ ጊዜ ያለ አልማዙ።

ለአንዲም እንዲሁ ነው። ቤን ከተማ ውስጥ የሚታገሥ ሰው ነበር፤ ትዕግሥቱን ግን ልታምነው አልቻለችም። እዚህ የቤተሰብ ልጅ ሆኖ ታየዋለች። የሚመኙትና የሚጠብቁት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አንድ ቦታ ይመጣል። «ታዲያ ለምን ወደዳት?» ለሚለው ጥያቄሽ ንድፈ ሐሳቡ የሚሰጠው መልስ ይህን ያህል ነው። በተመሳሳይ ደግነት ከጀመረች ሴት ይልቅ፣ መጥፎ ጀምራ ደግ የሆነችው ይበልጥ ትታየዋለች። ልብ በይ፣ ይህ የፍቅር ምክር አይደለም! ከአንዲ መጽሔት ጋር እንዳትደባልቂኝ።

የድርጅቱ ትልቅ ግብዣ ላይ ሁለቱም ምስጢር በአንድ ምሽት ይወጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው አዲስ መጥፎ ባህሪ ይፈልጋል። የለም። ያን ምሽት ማንም አዲስ ነገር አላደረገም። የመጣው አዲስ መረጃ ነው። መረጃው ግን ወደ ኋላ ሄዶ ያለፉትን ቀናት ሁሉ ትርጉም ይለውጣል። ትዕግሥቱ ለውርርድ ነበር። እንባዋ ለጽሑፍ ነበር። ሳሊ ፕላናልፕና ጄምስ ሃኒከት በ1985 ባሳተሙት ጥናት፣ በቅርብ ግንኙነት ውስጥ ስለ ሌላው ሰው እናውቃለን ያልነውን የሚያናውጡ ክስተቶችን መርምረዋል፤ ማታለልና የተደበቀ ነገር መገለጥ ከነሱ መካከል ናቸው። አንቺ የምትፈልጊው ማረፊያ ይኼ ነው። በፖከሩ ምሽት የተጣሰው «ሰው እንዲህ አያደርግም» የሚል ግምት ነበር። በግብዣው ምሽት የተጣሰው «ሌላው ቢቀር የማየው ሰው እውነተኛ ነው» የሚለው ነው። ሁለተኛው ከጠፋ የመጀመሪያውን የምትለኪበት ሜትርም አብሮ ይጠፋል። ለዚህ ነው ያን ሁሉ እብደት የቻለው ሰው ይህን ያልቻለው። አንዲም ስትመልስለት፣ መቼም ያንተ ያልነበረውን ልታጣው አትችልም ትለዋለች፤ ያለፈውን ሁሉ እንደገና እያነበበች ነው ማለት ነው።

ድልድዩን በጥንቃቄ ያዢው። አንዲ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ወደ ዋሽንግተን ለመሄድ ታክሲ ውስጥ ናት። ቤን ጽሑፏን አንብቦ በሞተር ሳይክል ማንሃተን ብሪጅ ላይ ያባርራታል፣ ያስቆማታል፤ ለምን እንደምትሄድ ስትነግረው በዚያው በቤተሰቡ የካርታ ጨዋታ ቃል ውሸትሽን ነው ይላታል። መኪና መሃል ሴትን ተከትሎ ማስቆም እኮ በማንኛውም ከተማ የሚያስፈራ ነገር ነው። ያንኑ ድርጊት የማትፈልገው ሰው ቢፈጽመው አንዲ ፖሊስ ትጠራለች። ተመልካቹ የሚያለቅስበት ምክንያት የቤን ዋጋ በሷ ዘንድ ቀድሞ መሰቀሉን ስለሚያውቅ ብቻ ነው። በጽሑፏ ላይ እንደምትወደው ተናግራለች። የአድራጊው ዋጋ ድርጊቱን እንዴት እንደሚቀይረው ከዚህ የጎላ ምሳሌ አታገኚም። ግን አሳይመንትሽ ላይ «ማሳደድ መልካም ጥሰት ነው» ብለሽ እንዳትጽፊ። መልካም የሆነው ለአንዲ፣ በዚያ ቀን፣ ከዚያ ጽሑፍ በኋላ ነው። ሌላ ቦታ ላይ ማሳደድ ነው፣ አለቀ።

አሁን ስለ አጻጻፉ። ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አትተርኪ፤ መምህርሽ ፊልሙን አይቶታል፣ ካላየውም ሁለት አንቀጽ ይበቃዋል። ስታዲየሙን ወይም ፈርኗን፣ ፖከሩን፣ ስታተን አይላንድንና ግብዣውን ውሰጂ። ለእያንዳንዱ መጀመሪያ ትንበያሽን ጻፊ፤ «ንድፈ ሐሳቡ ትክክል ከሆነ እዚህ ላይ እንዲህ ይሆናል» በይ። ከዚያ የሆነውን ጻፊ። ሁለቱንም ጊዜ ለቤንም ለአንዲም ለየብቻ ሥሪው። ትንበያው ሲስት አትደንግጪ፤ ለምን እንደሳተ ስትፈልጊ ነው ውርርዱን የምታገኚው። ሁሉንም ነገር «ጥሰት» ብለሽ አትጥሪ። ሁሉ ነገር ጥሰት ከሆነ ምንም የሚጣስ አይኖርም።

የተመልካቹን ነገርም አንድ አንቀጽ ስጪው። እኛ ሁለቱንም ምስጢር ስለምናውቅ ለእኛ አንዱም አልተጣሰም። አንዲ ተክሉን ይዛ ስትመጣ የምንስቀው የቤን ፊት ምን እንደሚሆን ቀድመን ስለምናውቅ ነው። የዘውጉም ልማድ አለ። የፍቅር ኮሜዲ ትኬት የቆረጠ ሰው በመጨረሻ እንደሚሳሳሙ ጠብቆ ነው የሚገባው፤ ይህ ፊልምም ያንን አልጣሰም። ውስጡ ያሉት ሰዎች በየደቂቃው ሲደነግጡ ውጪ ያለው ሰው ተደላድሎ ተቀምጧል።

የንድፈ ሐሳቡን ገደብ የምትጽፊበት ክፍል ላይ ደግሞ ሐቀኛ ሁኚ። ይህ ንድፈ ሐሳብ ያደገው በአብዛኛው ለአጭር ጊዜ በሚገናኙ ሰዎች ላይ በተሠሩ ሙከራዎች ነው። አንድን ቅጽበት በደንብ ይፈታል፤ ለምን ደነገጥኩ፣ ለምን ደስ አለኝ የሚለውን። ሁለት ሰዎች በሳምንት ውስጥ እንዴት ልብ ለልብ እንደሚደራረሱ ግን ዋና ጉዳዩ አይደለም። ለዚያ ኧርዊን አልትማንና ዳልማስ ቴይለር በ1973 ያወጡት ማኅበራዊ ሥርጸት የሚባለው ንድፈ ሐሳብ ይሻላል፤ ሰው ራሱን ንብርብር በንብርብር እየገለጠ እንደሚቀራረብ የሚናገረው። የስታተን አይላንዱን ትዕይንት በሁለቱም ዓይን አይተሽ የበርጉን የሚያቆምበትን ቦታ ብታሳዪ፣ ካሰብሽው «አይሠራም» ከሚለው መደምደሚያ የበለጠ ነጥብ ያስገኝልሻል ባይ ነኝ።